ጥቁሩ ጎማ ወይስ ብርሃን አስገቢው

ሥራ የጀመርኩት እጄን ሰው አንስቶብኝ ነው። ከሲሪንቃ በላይ ያለችው ትንሿ ግድባችን ስትሠራ ድንጋይ የምሸከም የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ፎርማኑ ሰበሰበንና «ዋና የሚችል ማነው?» አለ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ በላይ ክንዴን ይዞ ወደ ላይ አነሣው።

«ሰይድ ይችላል! የመርሳን ወንዝ በጎርፍ ተሻግሮታል!» አለ።

የተሻገርኩት በበቅሎ ነበር። በላይ ይህን አልተናገረም፤ እኔም አላረምኩትም። ወገቤን በገመድ አስረው ወደ ውኃው አወረዱኝ። ትንሽ ተንቦጫረቅሁና እየሳልኩ ወጣሁ። ፎርማኑ «ጎበዝ፣ ከነገ ጀምሮ የበር ሠራተኛ ነህ» አለኝ። በላይም አላመለጠም። ዓመት ሳይሞላው በጎረቤት ቀበሌ ለተሠራችው ግድብ እሱው የበር ሠራተኛ ተባለ።

የበር ሠራተኛ ሁለት ሥራ አለው። ከላይ ሆኖ መዘውሩን እያዞረ የውኃውን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ደግሞ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ጠልቆ ከበሩ ፊት ያለውን የብረት ወንፊት ይጠርጋል። ወንፊቱ ላይ ሥር፣ ቅጠል፣ ጆንያ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይለጠፋል። ካልተጠረገ ውኃ ወደ ቦዩ አይወርድም።

ገመዱን ላይ ሆነው የሚይዙት አባ ይመር ናቸው። እሳቸው የውኃ አባታችን ናቸው፤ ገበሬው የመስኖ ተራ እንዲያከፋፍሉ መርጦ የሾማቸው ሽማግሌ። አንዴ ከሳብኩ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ገመድ ልቀቁ፣ ሦስቴ አውጡኝ። አንድ ቀን ሥራዬን ሳልጨርስ እንደ ዓሣ ጎትተው አወጡኝ።

«ሁለት ይሁን ሦስት ጠፋኝ። ለማንኛውም ብዬ አወጣሁህ» አሉኝ።

ብዙ ዓመት ዐይኔን ጨፍኜ ነው የሠራሁት። ጣቴ ሥሩን ከጆንያው ይለያል። ዐይኔ ግን ቆሻሻው ውኃ እየገባበት ቀልቶ አላስተኛ ሲለኝ፣ የጤና ባለሙያዋ «ከእንግዲህ ያለ መነጽር ከገቡ አልጠየቅም» አለችኝ።

ያኔ ነው ሰናይት መነጽሮቹን ይዛ የመጣችው። ሰናይት ከወልድያ እየመጣች ግድቦቹን የምታይ የመስኖ ኢንጂነር ናት። ጠላቂዎች የሚያደርጓቸውን፣ አፍንጫ ጭምር የሚሸፍኑ ሁለት መነጽሮች አባ ይመር ባነጠፉት ጋቢ ላይ አስቀመጠችልኝ። መስታወታቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ፊት ላይ የሚለጠፈው ጎማ ነው። የአንዱ ጎማ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ የሌላው እንደ ከሰል የጠቆረ።

«ይኼኛው ከጎንም ብርሃን ያስገባል አባባ። ጥቁሩ አያስገባም፤ ፊት ለፊትዎን ብቻ ነው የሚያዩት። አንዱ ለእርስዎ ነው፣ አንዱ ለጋሽ በላይ። ሞክረው የሚሻልዎትን ይያዙ።»

«የቱ ይሻላል፣ ልጄ?»

«እንደ ውኃው ነው» አለችና ሞተሯን አስነሥታ ሄደች።

እኛ አገር ነገር በአንድ ሰው አይመረጥም። ግድቡ ዳር ግራሩ ሥር የነበረው ገበሬ ሁሉ መነጽሮቹን ከበበ። እትዬ ደብሬ፣ ከታችኛው ቦይ ሽንኩርት የሚያለሙት ባልቴት፣ ጥቁሩን በእንጨት ገፋ አደረጉት።

«ይኼ ለቅሶ ነው። በደህና ቀን ማቅ ለብሶ ውኃ ይገባል?»

«ጥርት ያለው ቶሎ ይቆሽሻል» አለ አንዱ።

«ይታጠባላ! ውኃ ውስጥ አይደል የሚውለው?» አለው ሌላው።

መጨረሻ አባ ይመር ተናገሩ። «ይኼ ሰው ሲወጣ ፊቱን ካላየን መደንገጥ አለመደንገጡን በምን እናውቃለን? ብርሃን አስገቢው ይሁን።» ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። አባ ይመር ዱዓ አደረጉ፣ እትዬ ደብሬ በመስቀል ምልክት አማተቡ፣ አሜን ተባለ። በሐብሩ ወረዳችን ተመርቆ ያለቀ ነገር አይመለስም። መነጽሩን ፊቴ ላይ ሳላደርገው ተመረቀ።

በሳምንቱ ጎርፍ መጣና ወንፊቱን ደፈነው። የማንን አጥር አፍርሶ እንደሆነ አላውቅም፣ የእሾህ ሽቦ ይዞ መጥቶ ብረቱ ላይ ጠመጠመው። ሽቦ በጣት አይሠራም፤ ማየት ይፈልጋል። ከቦዩ የሚወርደው ውኃ ቀጥኖ ቀጥኖ ለፍየል የማይበቃ ሆነ። የተተከለው የሽንኩርት ችግኝ አንገቱን ደፋ።

የተመረቀውን መነጽር አድርጌ ገባሁ። ገና ጭንቅላቴ ሳይጠልቅ ውኃው በአፍንጫዬ ገባ። ወጣሁ። ማሰሪያውን አጠበቅሁና ተመለስኩ፤ ገባ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ። የተመረቀ ነገር ስለማይታማ የታማሁት እኔ ነኝ።

«ሰይድ ሸምግሏል» ሲሉ ሰማሁ። «አብሽር ሰይድ፣ ሁሉም ያረጃል» አሉኝ አባ ይመር። ይህኛው ይብስ አመመኝ።

ሰናይት ደወለች። «አባባ፣ ወልድያ ያሉት ኃላፊዎች እስከ ሐሙስ ካልተከፈተ ከሌላ ቦታ ጠላቂ ይምጣ ብለዋል። እርስዎም ያርፋሉ።» ማረፍ በደግ አፍ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ሰው ያውቃል። እኔ ከዚያ በር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ሁለቱንም መነጽር ቤት ወስጄ ደጅ ላይ በሳፋ ውኃ ሞላሁ። ተንበርክኬ ፊቴን ነከርኩ። ጥቁሩም አስገባ! ያኛውን አደረግሁ፤ አስገባ። ባለቤቴ ዘሀራ ቆማ ታየኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ምን ይላል? ውኃ እንደ በሬ ትጠጣለህ?»

«ጎማው ነው አልይዝ ያለው። ጥቁሩም ብርሃን አስገቢውም እኩል ነው።»

«ቀና በል እስቲ።» ጎንበስ ብላ ከአፍንጫዬ ሥር አየች። «የቦዩ መዝጊያ ውኃ ሲያሾልክ ገበሬውን ምን ትለዋለህ?»

«ከሥሩ ያለውን ሣር አጭደህ መልሰህ ዝጋ እለዋለሁ።»

ሪዜን አየችው። እኔም በእጄ ሸፈንኩት።

ሪዜ በመርሳ ገበያ ከስሜ ይበልጥ የታወቀ ነው። «የቱ ሰይድ?» ሲባል «ባለሪዙ» ይባላል። ዘሀራን ሳገባ ነበረ። ልጆቼ ተንጠልጥለውበት አድገዋል። ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ይዤ መርሳ ወረድኩና ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ሪዙን ላጨው።»

ምላጩን ይዞ ቆመ። «ወይኔ ጋሽ ሰይድ! ማን ሞተብዎት?»

«ሪዜ» አልኩት።

እኩለ ቀን ላይ ግድቡ ዳር ሰው ሞልቷል። ግማሹ ውኃ ሊያይ፣ ግማሹ የኔን ከንፈር ሊያይ። የተመረቀውን አድርጌ ጠለቅሁ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ብርሃኑ ጥርት ባለው ጎማ ከጎን ከጎን ገብቶ መስታወቱን ፊት ማያ አደረገው። ወንፊቱን ብፈልግ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ያፈጥብኛል፤ ከንፈሩ እንደ ተላጠ ድንች። ሦስቴ ሳብኩ።

«ምን አየህ?» አሉኝ አባ ይመር።

«ሰው።»

«አዑዙ ቢላህ! ማንን?»

«እኔን መሰለኝ።»

እትዬ ደብሬ አማተቡ። ጥቁሩን አቀብሉኝ አልኩ። ማንም አልነካውም። «ያልተመረቀ ይዞ ሊገባ!» አሉ እትዬ ደብሬ። ሁሉም ወደ አባ ይመር ዞረ። አባ ይመር ችግኞቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ።

«ስንመርቅ ሁለቱም አንድ ጋቢ ላይ አልነበሩም? ምርቃት እንደ ዝናብ ነው። አጠገብ ያለውን አይዘልም» አሉና ራሳቸው አቀበሉኝ።

በጥቁሩ ጎኑ ጨለመ፣ ፊቱ በራ። ሽማግሌው ጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት በጣቴ ብቻ የማውቀውን ወንፊት ብረት በብረት ቆጠርኩት። የሽቦው ጫፍ ከታች በግራ በኩል ነበር። አንዴ ጠልቄ በፒንሳ ቆረጥኩት፤ ሁለተኛ ጠልቄ ፈታሁት። ሦስተኛ ሥሩንና ጆንያውን በማጭድ አስለቀቅሁና ውኃው እየጎተተኝ ብረቱን ያዝኩ። በሩ ጮኸ፤ ቦዩ ሞላ።

አውጡኝ ብዬ ሦስቴ ሳብኩ። ገመዱ በሙሉ ወደ እኔ መጣ። አባ ይመር ገመዱን ጥለው ከሕዝቡ ጋር ውኃውን ተከትለው ሮጠዋል። እንደ መጀመሪያው ቀን እየተንቦጫረቅሁ ብቻዬን ወጣሁ። ስልኬ ይጮሃል፤ ሰናይት ናት።

«አባባ፣ ጠላቂው ይምጣ ልበላቸው?»

«ጠላቂው ወጥቶ ልብሱን እያሰጣ ነው በያቸው።»

ቅዳሜ በላይ ድርሻውን ሊወስድ መጣ። የሱ በር ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ አያየውም። ወደዚያው ይዞኝ ሄዶ ጥቁሩን አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ራሱን ቢያስገባ ወዲያው አወጣ።

«ይኼ ቀብር ነው!» አለ። ብርሃን አስገቢውን ሰጠሁት፤ ለሱ እሱ ነው የሚሆነው። ሪዙ ግን ከጢሙ ጋር ደረቱ ድረስ ወርዷል። ውኃ ከመግባቱ በፊት ክንዱን ይዤ መርሳ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ወሰድኩትና፣ «ዋና የሚችለው ይኼ ነው» አልኩ።

ከዚህ ሥራ የማውቀው ይህን ነው። መነጽሩ መጀመሪያ ፊት ላይ ይግጠም። ውኃው ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ጥቁር ጎማ፣ ጨለማ ከሆነ ብርሃን አስገቢ። ሳትሞክሩት አታስመርቁት።