ጀርባው ያልተነካ ደጋን

ሞጣ ባለው ቤቴ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ተሰቅሏል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ለጌጥ ይመስለዋል። ጅማቱ ላልቷል፤ ከእናቴ ወዲህ ማንም አልነደፈበትም።

ልጅ ሆኜ ቢቸና ስንኖር፣ አባቴ እርሻው ፋታ ሲሰጠው ለሰፈሩ ሴቶች ደጋን ይሠራ ነበር። ወይራውን በበጋ ቆርጦ ይሰነጥቅና ፍልጡን ቆጥ ላይ ዓመት ሙሉ ያቆየዋል። ፀሐይ አያየውም፣ እሳት አይጠጋውም። ሲጠርበውም በሆዱ በኩል ብቻ ነው፤ በቅርፊቱ በኩል ያለውን ጀርባውን ስለት አያስነካውም። "ጀርባው ከተነካ ይሰበራል" ይል ነበር፤ ስንቴ እንዳለው እንጃ። እኔ የምወደው የፍቅፋቂውን ሽታ ነበር፤ ምክሩን የት ሰምቼው!

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ቆጡ ላይ የነበረው የደረቀ ፍልጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእትዬ ጥሩ። እትዬ ጥሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት ልጆች በፈትል ያሳድጋሉ። ደጋናቸው ስለተሰበረ ሥራ ፈትተው አዲሱን ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ የሰፈሩ ወንዶች በቀስት ቁልቋል ሲወጉ "ሴት ምን ታውቃለች!" ብለው ስላባረሩኝ ቆሽቴ አርሯል። አባቴ ገበያ የወጣ ቀን የራሴን ቀስት ልሠራ ፍልጡን አወረድኩት። ሆዱን እንደምንም ጠረብኩ። ጀርባው ሻካራ ሆኖ ስላስጠላኝ እሱንም ፍቄ አለሰለስኩት። አቤት ማማሩ! ገመድ አስሬ ወንዶቹ ፊት ስስበው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሳቁብኝ። እኔ ግን የታየኝ የእትዬ ጥሩ ፊት ነበር።

አባቴ ሲመለስ ስባሪውን አገላብጦ አየ። አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ሌላ የደረቀ የለኝም" አለና የእናቴን ደጋን ከግድግዳው አውርዶ አሸከመኝ። "ውሰጂላቸው። ምን እንዳደረግሽም ራስሽ ንገሪያቸው።" እናቴ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

እትዬ ጥሩ በራቸው ላይ ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ውይ ልጄን፣ ቢላዋው እጅሽን አልቆረጠሽም?" አሉኝ። ይኼኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ጥጥ መንደፍ በፈለገች ቁጥር የገዛ ደጋኗን እንድዋስላት እኔኑ ትልከኝ ነበር። በዓመቱ ሌላ ፍልጥ ሲደርቅ አባቴ መጥረቢያውን ለእኔ ሰጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስድስት ቀን ሙሉ በሆዱ በኩል ብቻ ጠረብኩ። እትዬ ጥሩ "የእናትሽን ደጋን እጄ ለምዶታል" ስላሉ እኔ የሠራሁት ለእናቴ ሆነ። እስክትሞት ነደፈችበት።

ዛሬ ክሩ ተጠቅልሎ ከሱቅ ይገዛል፤ ማን ይነድፋል? አይከፋኝም፤ ጥጥ የእናቴን ወገብ ምን እንዳደረገው አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ቤት ስታጸዳ ደጋኑን አወረደችው። ጀርባው ላይ የቀረችው ቅርፊት ቆሻሻ መስላት ልትፍቃት ቢላዋ አነሣች።

"ጀርባውን አትንኪ!" ብዬ ጮኽኩ።

ደንግጣ ቢላዋውን ለቀቀችው። እኔም ደነገጥኩ፤ ቃሉ ቁርጥ የአባቴ ነበር።

"ምን አጠፋሁ እማዬ?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጠጋ ብዬ ጣቶቿን አገላብጬ አየሁ።

"እጅሽን አልቆረጠሽም?" አልኳት።