አመድ የጠገበ ጓሮ

በመንደር ምሥረታው ዘመን ከሁሩታ በላይ ባለ አንድ ገበሬ ማኅበር የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ገበሬው ከየቀዬው ተነሥቶ ገላጣ ሜዳ ላይ እንዲሰፍር ሲታዘዝ፣ አዴ የምላቸው አሮጊትና ሕመምተኛ ባለቤታቸውም ቤታቸውን አፍርሰው እንጨቱን ተሸክመው ወረዱ።

የአዴ ድንች በገበያ የታወቀ ነበር። ያንኑ ዘር በአዲሱ ቤት ጓሮ ተከሉት። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ፣ እሳት እንደ ለበለበው ይኮማተር ጀመር።

«ያደላችሁን ማዳበሪያ አቃጠለው» አሉኝ።

«እሱ አይደለም፣ አዴ። የጎደለው ፖታሽ የሚባል ሌላ ማዳበሪያ ነው። የድሮው ጓሮዎ ዕድሜ ልኩን የምድጃ አመድ ሲደፋበት ስለኖረ ፖታሹን ከአመዱ ያገኝ ነበር። ይሄ አሸዋማ ነው፤ ያለችውንም ዝናብ ያጥባታል፤ የአንድ ዓመት አመድም አይበቃው።»

«እንግዲያው አፈሩን ላምጣ።»

ሄዱ። ሲመለሱ የአዲሱ መንደር ጥበቃዎች አስቁመው ያዘሉትን አፈር አስደፏቸው። ወደ ድሮው ቀዬ መመለስ ክልክል ነበር።

እኔ አሰላ ወርጄ የማዳበሪያ መጋዘኑን ኃላፊ ፖታሽ እንዲሰጠኝ ለመንኩ።

«የገበሬው ገብስ ያለ ፖታሽ እያፈራ አይደል?» አለኝ።

«ገብሱ ያለው ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ አፈሩ ራሱ ይመግበዋል። ድንች ግን ሆዳም ነው፣ አሸዋው ደግሞ ባዶ።»

ለሙከራ መጥቶ የተረፈ ቀይና ነጭ ፖታሽ አሳየኝ። ቀዩ ጨውነት ስላለው ድንቹን ውኃ ውኃ ያደርገዋል። ነጩን መረጥኩ።

ይዤው መንደሩ ስደርስ የአዴ ባለቤት ሞተው ነበር። አዲሱ መንደር መቃብር ስላልነበረው አስከሬኑን ወደ ድሮው ቀዬ እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸው ነበር።

«ለሬሳው ፈቀዱለት» አሉኝ አዴ።

ፖታሹን በየመደቡ ዳር ዳር ቀብሬ አፈር አለበስኩት። የተቃጠለው ቅጠል አልዳነም፤ አዲሱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሲቆፈር ድንቹ ጥቂት ቢሆንም ጠንካራ ነበር።

«ፖታሹ ለከርሞስ ይመጣል?» አሉኝ።

«አይመጣም፣ አዴ። ገብስ ይዝሩ፤ እሱ እንደ ድንች ብዙ ፖታሽ አይሻም።»

ተነሡ። ለዘር የለዩትን ድንች ከጥግ አውጥተው አጠቡት፤ ቀቀሉትና አቀረቡልኝ። አብረን በላነው።