ከውስጥ የተጣፈው ጣሪያ

የተቀደደ በማይጣልበት በዚያ ዘመን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መርፌ» የሚላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ስሙ አንድም ለሥራቸው ነው፣ አንድም ለምላሳቸው። ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ እጃቸው ከገባ ስፌቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ይወጣል፤ ባለቤቱም «ከየት ገዛኸው?» እየተባለ ይዞራል።

ቤታቸውንም የያዙት እንደዚሁ ነው። ሟች ባለቤታቸው ያቆሙት፣ ልጆች ያደጉበት ቤት ነው። የበሩ እግር ሲበሰብስ የበሰበሰውን ብቻ አስቆርጠው ደህና ጣውላ አስቀጠሉለት። የመስኮቱ መስታወት ሲላላ በስቱኮ አጠበቁት። «ካያያዝ ይቀደዳል» ይሉ ነበር። ጣሪያው ግን አስቸገራቸው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳፋው ሁሉ ወለል ላይ ይደረደራል።

አንድ ቀን የበኩር ልጃቸው ኮንትራክተር ይዞ መጣ። ኮንትራክተሩ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገና፣

«እናቴ፣ ይሄ ቤት ጥገና አያነሳውም። ይፍረስና አዲስ ይሠራ» አለ።

«የፊት ጥርስህ የለም፤ አንተንስ ለምን አላፈረሱህም?» አሉት።

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ቀልዱን ተይው እማዬ። ጣሪያው እላይሽ ላይ ሲወርድ ዝም ብዬ ልይ? እስኪሠራ እኔ ጋ ትሆኛለሽ» አለ።

እሳቸው ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ይህ ከፈረሰ የሚቆመው ቤት የልጃቸው ነው፤ እሳቸው እንግዳ ሊሆኑ ነው።

«ስማ! ጣሪያውን ራሴ እጠግነዋለሁ። ሲዘንብ መጥተህ እይ። አንዲት ጠብታ ከወረደች ቁልፉን በእጄ እሰጥሃለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«የእናትህ ቃል መቼ ሲተረተር አየህ?»

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ከኮርኒሱ በላይ ገቡ። ያረጀ ጨርቅ ብርሃን ላይ ሲይዙት ሳሳ ያለው ቦታ እንደሚለይ ሁሉ፣ ቆርቆሮውም በዚያ ጨለማ ውስጥ ቀዳዳዎቹን በብርሃን አሳያቸው። እያንዳንዱን በልብስ ጠመኔ ከበቡት። ከዚያም ከአሮጌ ቆርቆሮ እራፊ እየቆረጡ፣ ሬንጅ እየቀቡ፣ እንደ ሱሪው ከውጭ እንዳያስታውቅ ሁሉንም ከውስጥ ጣፉት።

ዝናቡ መጣ። ልጁም ከነኮንትራክተሩ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ጠብ! ልጁ ግንባር ላይ። ደግሞ ጠብ፣ ጠብ። በቀዳዳው የገባው ውሃ እራፊው ላይ ተኝቶ ሬንጁን ፈልቅቆታል።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሱሪ አይደለም! ዝናብ የሚመጣው ከላይ፣ አንቺ የጣፍሽው ከውስጥ!»

እትዬ መርፌ ወደ ላይ አዩና በሳቅ ፍርስ አሉ። «አቤት ልማድ! ዕድሜ ልኬን ስፌት ስደብቅ ኖሬ ለዝናብም ደበቅኩ!»

ልጁ ግን እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈተው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«እንካ፣ ቃሌን አልበላም። ግን ቁልፍ እሰጥሃለሁ አልኩ እንጂ እወጣለሁ አላልኩም። ይኸው ውስጥ ነኝ፤ ከፈለግህ ቆልፍብኝ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትለኛለህ? መርፌ የወጋው ሁሉ መስፋት ይተዋል?» ወደ ኮንትራክተሩ ዞሩ። «አንተ ጥርሰ ጎዶሎ፣ ቆርቆሮው ሲደርቅ ናና መሰላል ያዝልኝ።»

ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ መጥቶ ያዘላቸው። እራፊዎቹን ነቅለው አሁን ከውጭ መቱ፤ የእያንዳንዱን አናት ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር እየከተቱ፣ ውሃው በላዩ አልፎ እንዲሄድ። ጣሪያው የድሪቶ መልክ ያዘ። አላፈሩበትም።

ዝናቡ ሲመለስ ልጃቸውን ያችው ጠብታ የወረደችበት ቦታ ወንበር አድርገው አስቀመጡት። ቆርቆሮው ይንጫጫል። ልጁ አንገቱን ሰቅሎ ይጠብቃል። ምንም የለም።

«ስላልበረታ ነው» አለ።

«ታዲያ እስኪበረታ ቆያ፤ ማን ገፋህ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ ክር በመርፌ እያስገቡ።

በረታ። ልጁ ግንባሩን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያዘው» አሉ እትዬ መርፌ። «በር እያንኳኳ የሚገባ ልጅ አልወለድኩም። ብቻ ስትመጣ መዶሻ ይዘህ ና፤ የጓዳው መዝጊያ ላልቷል።»