ሳቁን የፈራ ሰው

ፍሊንት ከተማ በሚገኘው የአከርካሪ ወጌሻ ቤት እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ቨርና፣ አንዱን ሽማግሌ ታካሚ የምታውቀው በፍርሃቱ ነው። መኪናው ከኋላ ከተገጨ ወዲህ ለአንገቱ ሕክምና የሚከፍልለት ኢንሹራንሱ ነው። ሁልጊዜ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በመጋረጃው ክፍተት መንገዱን እየሰለለ ይቀመጣል። ባርኔጣው ቢወድቅበት እንኳ ጎንበስ ብሎ አያነሳም።

«የኢንሹራንሱ ሰዎች ካሜራ ይዘው ይከተሉኛል፣ የኔ ልጅ» ይላታል በሹክሹክታ። «ጎረቤቴን ውሻውን ሲያጥብ ቀርጸው፣ ድነሃል ብለው ሕክምናውን አቋረጡበት።»

ዛሬ ግን ፊቱ ፈካ ብሎ ገባ።

«ምነው አባባ፣ ሙሽራ መሰሉ! ሳይነግሩኝ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለችው።

ሳቁ አመለጠው። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተንከተከተ፤ ባርኔጣውም ወደቀ። ወዲያው ድርቅ አለ። አንገቱን በእጁ ይዞ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ዛሬ ብቻ ነው ቀለል ያለኝ» አላት። «ነገ እንደሚብስብኝ አውቀዋለሁ። ስስቅ አላየሽኝም፣ እሺ?»

«ኧረ አላየሁም፣ አባባ።»

ባርኔጣውን ልታነሳለት ጎንበስ ስትል፣ እሷም ሳታስበው ወደ መስኮቱ ዞር አለች።