ያልፈረመችበት ቃል

ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀብለውኝ ወደ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የሸተተኝ የበሰበሰ ማንጎ ነው። ለአንዱ እስረኛ ቤተሰቡ በፌስታል አምጥቶለት ኖሮ ልጣጩ ጥግ ላይ ተከምሮ ዝንብ ወሮታል። አሶሳ በዚያ ወር ሙቀቷ አይጣል ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል። ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የመጣ አንድ ሽበታም ነጋዴ ምንጣፉን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ምን አደረግክ፣ ኡስታዝ?» አለኝ። መምህር መሆኔን ያወቀው እጅጌዬ ላይ ከቀረው ጠመኔ ነው።

«አወያየሁ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን ንዴቱ ገና አልወጣልኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ስር ከተማሪዎች ጋር እንወያይ ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በየቋንቋው ተቧድኖ ካፌ ውስጥ ከሚፋጠጥ ፊት ለፊት ይነጋገር ብዬ የጀመርኩት ነው። አንድ ሕግ ነበረን። የሌላውን ሐሳብ ከመቃወምህ በፊት ያንኑ ሐሳብ መልሰህ ትናገራለህ። ባለቤቱ «ያልኩት እሱን ነው» ካላለ መልስ መስጠት የለም። መዝገባችን ላይ የሚሰፍረውም ተቃዋሚው መልሶ የተናገረው ነው፤ ያውም በተቃዋሚው ስም። ባለሐሳቡ ከጎኑ ይፈርማል። በዚህ አሠራር እኮራ ነበር። ከእኛ ሌላ እንዲህ ያለ መዝገብ የሚይዝ ቂል እንደማይኖር የገባኝ ጣቢያ ከገባሁ በኋላ ነው።

በዚያ ሐሙስ አንዲት የሆሞሻ ወረዳ ልጅ ስለ ግድቡ ተናገረች። ሴሚስተሩን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ «ተናገሪ፣ እዚህ ማንም አይነካሽም» ብዬ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ቃል እየፈለገች፣ ቆም እያለች፣ «ሽቦው በእኛ ላይ ያልፋል። ቤታችን ጨለማ ነው። እኛን ማን ጠየቀ?» አለች። እኔ አልተስማማሁም። ግድቡ የአገር ነው፣ ተራ በተራ ይደርሳል ባይ ነበርኩ። ግን ሕጉ ሕግ ነውና ተነስቼ ሐሳቧን ከእሷ ይልቅ አስረግጬ ተናገርኩላት። ጸሐፊያችን በስሜ ጻፈው። እሷ አረጋግጣ ከመፈረሟ በፊት፣ ገና አፏን ስትከፍት ፖሊሶች በግቢው በር ገቡ። ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው ተባለ። እኔና መዝገቡ ተወሰድን።

መርማሪው በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን «አንተ» ሆንኩ።

«‹እኛን ማን ጠየቀ› ያልከው አንተ ነህ?» አለኝ መዝገቡን ገልጦ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ የደብረ ማርቆስ ልጅ! ‹እኛ› ማለት እነማን ናቸው?»

ሰውዬው ሞኝ አልነበረም።

«ሐሳቡ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማን እንደሆነ ጻፍልኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።» ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ።

አንድ ሰው የሌላውን ሐሳብ በትክክል መረዳቱ ወንጀል ሆኖ፣ ከወንጀሉ መውጫው ደግሞ ልጅቷን አሳልፎ መስጠት! ከዛፉ ስር የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ የማን ቃል እንደሆነ ያውቃሉ። ሲጠየቁ አንዳቸውም አልተናገሩም። ታዲያ እኔ መምህራቸው ልናገር?

ወረቀቱን ይዘህ አስብበት ተብዬ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ለነጋዴው ነገርኩት።

«ልጁ አባት አለው?» አለኝ። በእሱ አማርኛ ሴቷም «እሱ» ናት።

«አላት። ገበሬ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ከወጣ፣ እሱም አባቱም ይገባል» አለና ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። «እዚህ ቦታ የለም፣ ወላሂ።»

በማግስቱ ወረቀቱ ላይ «ቃሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜ ሰጠሁት። መርማሪው አንብቦ ጨመደደው። «እልኸኛ ነህ» አለኝ።

«እርስዎ እንዳሉት» አልኩት። እሱ «አንተ» ቢለኝም እኔ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ፣ «ሂድ» ተባልኩ። ቀበቶዬን መለሱልኝ። መዝገቡን አልመለሱልኝም።

በሩ ላይ ልጅቷ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ዝም በዪ ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳት። እሷ ግን ዘቡ አጠገብ ድረስ መጣች። መርማሪው በረንዳው ላይ ቆሞ ያየናል።

«መምህር» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያልኩት እሱን ነው።»

አሥራ አንድ ቀን የደበቅኩትን በአንድ ትንፋሽ ሰጠችው። መርማሪው ሰምቶ እንዳልሰማ ፊቱን አዙሮ ገባ።

«አሁን መልስ ስጡኝ» አለችኝ።

ከዚያ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ተከራከርን። አልተስማማንም።

ዛሬ ከዛፉ ስር የነበሩት አግዳሚ ወንበሮች ተነስተዋል። ለውይይት ፈቃድ ጠይቁ ተባልን፣ ጠየቅን፤ ደብዳቤያችን የት እንደገባ የሚነግረን ጠፋ። ያለፈ ነገር ነው፣ እርሳው የሚሉኝ አሉ። አልረሳሁም፤ ንዴቴም አልበረደም። ልጅቷ አሁን ሆሞሻ ታስተምራለች። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ሽቦው አሁንም በላያችን ያልፋል ትለኛለች። እኔም በሕጋችን መሠረት ያለችውን መልሼ እነግራታለሁ፤ «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» ትላለች። ከዚያ ተራው የእኔ ይሆናል። መልሴ ከዓመት ዓመት እያጠረ መጥቷል።