ክብሩ በግድ ያስበላው ደብዳቤ

ክብሩ መሃል ከተማ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እየበየደ የሚኖር ሰው ነው። እጁ ለሥራ ይፈጥናል፤ ለዱላ ደግሞ ይብስበታል። ሠራተኛ ካጠፋ በጥፊ፣ የባጃጅ ሾፌር መንገድ ከዘጋበት አንገቱን አንቆ። አባቱም ያሳደጉት እንደዚያው እየቀጠቀጡ ነበር። እሳቸው በሞቱ ሰሞን ታላቅ እህቱ ታቢታ "የቤቱን ካርታ አሳየኝ" ስላለችው ብቻ ከበሩ መቃን ጋር አላትሞ ክንዷን ሰበራት። ዘመድ ተሰብስቦ ነገሩን አዳፈነው። ቤቱም በክብሩ እጅ ቀረ።

ታቢታ ከዚያ ወዲህ ግቢውን አልረገጠችም። የውርስ ድርሻዬን ብላ ፍርድ ቤት ከሰሰችው፤ የምትለውንም ሁሉ በጠበቃዋ ደብዳቤ መላክ ጀመረች። ቤቱን እንዳትሸጥ፣ እንዳታፈርስ፣ እንዳታከራይ። ክብሩን ያንገበገበው ግን የጠየቀችው ነገር አልነበረም፤ የእናቱ ልጅ "ለተከሳሽ አቶ ክብሩ" ብላ ማስጻፏ ነው።

የእሱ ጠበቃ ሩሀማ ገና ከጅምሩ አስጠንቅቃዋለች። "ደብዳቤ ሲመጣልህ ፈርመህ ተቀበል። እንዳትቀደው፣ እንዳትመልስ፣ እሷ ጋም እንዳትደውል። ለእኔ አምጣልኝ፤ መልስ መስጠት የኔ ሥራ ነው።"

"እሺ" አላት። የመጀመሪያውን እዚያው በመበየጃው እሳት አነደደው።

ቀጣዩን ይዘው የመጡት የታቢታ ጠበቃ ተላላኪ ጋሽ አልአዛር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን ሽማግሌ። ክብሩ ብረት መቁረጫውን አጥፍቶ ቀና አለ።

"ምን ይላል? ያንብቡልኝ።"

"እኔ እንኳ ማድረስ ብቻ ነው ሥራዬ፣ ልጄ።"

"ያንብቡ ብያለሁ!"

ሽማግሌው ፖስታውን ቀደው ማንበብ ጀመሩ። "ደንበኛዬ ከተከሳሽ ጥቃት ይደርስብኛል ብለው ስለሚሰጉ፣ ቤቱ በሚገመትበት ዕለት ፖሊስ እንዲገኝ…"

ከዚያ በላይ አላስጨረሳቸውም። ኮሌታቸውን ጨምድዶ ጭንቅላታቸውን ከሥራ ጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ወረቀቱን ጨባብጦ አፋቸው ውስጥ ወተፈው። "ብላው! ያመጣኸውን ብላ!" እያለ አገጫቸውን በቡጢ ሲመታቸው የፊት ጥርሳቸው ረገፈ። ሽማግሌው ደምና ወረቀት እያላመጡ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ዋጡት። ሠራተኞቹ ፈዘው ቆመው ያያሉ፤ ጥፊውን ያልቀመሰ ከመሃላቸው አልነበረምና ማንም ሊገላግል አልደፈረም። ፖሊስ የደረሰው ከመንገድ ማዶ ሴቶች እሪ ብለው ነው።

ሩሀማ ጣቢያ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው።

"ደብዳቤው ሌላ ቅጂ አለው። ያስበላሃቸው ወረቀት ነው" አለችው። "እህትህ እንደምትፈራህ እስከ ትናንት ማስረዳት የነበረባቸው እነሱ ነበሩ። አሁን አንተው አስረዳህላቸው።"

ሚስቱ ሩታ ምሳ ይዛ መጣች። ምግቡን በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችውና ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

"እኔም ጠበቃ ልያዝ እንዴ? ሳናግርህ በደብዳቤ ይሁን?"



በድብደባው ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። እዚያም በመኝታ ቦታ ሰበብ አንዱን እስረኛ በቦክስ ሲለው፣ የሰውየው ጓደኞች ተረባርበው መሬት ላይ ጣሉት። እስኪደክማቸው ረገጡት። ሦስት ጎድኑ ተሰበረ። የጫማ ድምፅ በሰማ ቁጥር ጭንቅላቱን በክንዱ መሸፈን ለመደ።

የታቢታ ጠበቃ ደብዳቤ እዚያም ደረሰው። የእስር ቤቱ ጸሐፊ ጠርቶ ሲሰጠው ሳይከፍት ፈረመና ለሩሀማ ላከው። መልሱን እሷ ጻፈች፣ የቤቱም ግምት ተጠናቀቀ፤ ፍርድ ቤቱም ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ለታቢታ የፊት ለፊቱ ድርሻ ደረሳት። ልትኖርበት አልፈለገችም፣ አከራየችው።

ክብሩ ከተፈታ በኋላ ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ሊገዛ ሄዶ ከታቢታ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷ ፌስታሏን ለቃ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ዓሣው መሬት ላይ ተዘረገፈ። ክብሩ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳላት አሰበ፤ ግን አንድ እርምጃ ቢጠጋ እንደምትጮህ ታወቀው። እጆቹን ኪሱ ከቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሷ ዓሣውን ትታ፣ እየዞረች እያየችው፣ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ማታ ለሩታ ነገራት።

"ምን አልካት ታዲያ?"

"ምንም። ከፊቷ ዞር አልኩላት።"