ዕጣው ከወጣ በኋላ

የድንጋይ ከሰል ማውጫው ከደልጊ በላይ፣ ከሐይቁ ራቅ ያለ ኮረብታ ላይ ነው። እኔ የምሠራው ባሕር ዳር ባለው ቢሮ፣ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር በሚነጋገረው ክፍል ውስጥ ነው። ማውጫው ሲሰፋ አጠገቡ ያለች አንዲት መንደር መነሣት ነበረባት። አዲሱ የቤት መሥሪያ ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ተዘጋጀ። የማን ቤት የት እንደሚሆን በዕጣ ይለይ ያሉት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኛም ደስ አለን፤ በዕጣ የሚጣላ የለም።

ያላሰብንላቸው ሰው አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሲት ነበሩ። እማሆይ ቅዳሴ የሚሄዱት ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ስትጠራቸው፣ ክንዷን ይዘው ነው። ዕጣው ሲወጣ ለጎረቤቲቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ደረሳት፤ ለእማሆይ ግን ታች፣ ፈፋው ዳር። ጎረቤቲቱ ማልቀስ ስትጀምር እማሆይ ተቆጧት።

«ዕጣ የእግዜር ነው። ዝም በይ!»

ከዚህ በኋላ ማን ይናገራል? እኔም እንደገና ይጣል ልል አስቤ ዋጥሁት።

አለቃዬ ከጅማ መጥተው እኛ ዘንድ ብዙ የኖሩ ሴት ናቸው። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ቀያሹ ችንካር ሊመታ መዶሻውን ሲያነሣ «ትንሽ ቆይ» አሉት። ከዚያ ወደ ሰው ዞረው፣ «እስቲ ሁላችሁም የደረሳችሁ ቦታ ላይ ቁሙልኝ» አሉ።

ሰው እየተሳሳቀ ተበተነ። እኔ እማሆይን እየመራሁ ወደ ፈፋው ወረድሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ ከጎረቤቲቱ የሚታየኝ ነጠላዋ ብቻ ነበር። ላይ ያሉትም ቁልቁል አዩን፤ ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ቀያሹ ሰዓቱን ደጋግሞ ቢያይም አለቃዬ ሰውን ከቆመበት አላንቀሳቀሱም።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ከጎረቤቲቱ ቀጥሎ፣ መንገድ ዳር የደረሰው ባለወፍጮ ነው።

«እማሆይ! እዚያ ከጅብ ጋር ሊከርሙ ነው?»

«ጅብ ካንተ ወፍጮ ይሻላል! እሱ ቀን ቀን ዝም ይላል።»

ሳቁ ተመለሰ። ባለወፍጮው ግን ራሱን እያከከ ወደ እኛ ወረድ አለ።

«ዕጣ አይነካም፤ ይሁን። የደረሰኝን ለእማሆይ ብሰጥስ ማን ይከለክለኛል?»

«አይሆንም!» እማሆይ በበትራቸው መሬቱን መቱ። «ማን እዚህ ድረስ እህል ተሸክሞ ይወርድልሃል?»

«የራበው ይወርዳል። ደግሞ ወፍጮዬ እዚያ ታች ቢጮህ የሚሰድበኝ የለም።»

እማሆይ መልስ አላጡም ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከአፋቸው የወጣው ግን «እግዜር ይስጥህ» ብቻ ነው፤ እሱንም ከእኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

አለቃዬ ባለወፍጮውን ሲያመሰግኑት አልሰማሁም። ወደ ፈፋው ወርደው አፈሩን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉና ቀያሹን ጠሩት።

«መንገዱ እስከዚህ ይግባ።»

«ፕላኑ ላይ የለም እኮ።»

«ይጨመራላ!»

እንዲህ በቀላሉ አልተጨመረም። አለቃዬ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለሱ ከረሙ፤ አንዳንዴ አብሬያቸው ሄጄ ውጭ እጠብቃቸው ነበር። ሰው ከአባቱ ቦታ ሲነቀል ምንም ቢሰጡት እንደማይሞላ ያውቃሉ። ባለወፍጮው ደግሞ ለደግነቱ ብቻውን እንዲከፍል አልፈለጉም። በመጨረሻ ግሬደሩ ፈፋው ዳር ድረስ ወረደ።

ሰው ሁሉ አዲሱ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ እሑድ ደልጊ አድሬ ማልጄ ወጣሁ። ገና ጎሕ እየቀደደ ነበር። ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ «እማሆይ!» ብላ ሳትጨርስ እማሆይ በትራቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

«እስካሁን ተኝተሽ ነው?» አሏት ክንዷን እየያዙ። «ቅዳሴው ሊገባ ነው።»